አሸዋ የበላት ወፍ

የልጅ ልጄ ኮምቦልቻ ላይ የመስታወት ሥራ ቤት አለው። ትናንት ለቤቴ መስኮት የሚሆን መስታወት ሊሠራልኝ ወስዶኝ ነበር። መስታወትን በአሸዋ ፈትጎ የሚያደበዝዝበትንና ቅርጽ የሚያወጣበትን ኮምፕሬሰር ሲያስነሳና ከቱቦው የወጣው አሸዋ መስታወቱ ላይ ሽርርር ሲል ያገኘሁት በርጩማ ላይ ዘፍ አልሁ። ልጁ ጩኸቱ የረበሸኝ መስሎት አጠፋው። ጩኸቱስ አልነበረም፤ ያንን ድምፅ ጣልያን ደሴን በያዘበት ዘመን፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ በነበረው ሰፈራችን ከየጓሮው ሲወጣ ሰምቼዋለሁ፤ ያን ቀን የአባቴ ነፍስ በአሸዋ ላይ ተንጠልጥላ ነበር።

አባቴ ሰይድ ነሐስ ቀጥቃጭ ነበር። ትሪ፣ ጭልፋ፣ ማንቆርቆሪያ ይሠራል፤ ሠርቶ ሲጨርስ ከቦርከና ወንዝ በአህያ በሚመጣ አሸዋ ፈትጎ ያበራዋል፣ በመጨረሻም ከዕቃው ጀርባ አንዲት ትንሽ ወፍ ይቀርጻል። መጻፍ ስለማያውቅ ወፏ ፊርማው ነበረች። አንድ ጊዜ ቅርጿ ስላላማረው ያለቀለትን ትሪ አቅልጦ እንደ አዲስ ሠርቶታል፤ እናቴ ሳምንቱን ሙሉ ስታጉረመርም ከረመች። አሸዋውን የማበጠር ሥራ የእኔ ነበር፤ ሻካራውን ለመጀመሪያው ፍተጋ፣ ዱቄት የመሰለውን ለማጥሪያ እለያለሁ፤ ጣቶቼ ከመላላጣቸው የተነሳ ወጥ ስነካ በርበሬው እንባዬን ያመጣው ነበር።

እኔ ያላወቅሁት፣ እናቴ ግን የምታውቀው ሌላ ሥራም ነበረው። ለአርበኞች ጠመንጃ ይጠግናል፤ የተሰነጠቀ ሰደፍ በነሐስ ያለብሳል። እጁ ለምዶበት ይሁን ኩራት አሸንፎት፣ አንደኛው ሰደፍ ላይ ወፏን ቀረጻት። ያ ጠመንጃ ኩታበር በኩል ጣልያን እጅ ገባ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን እየጎተቱ ገቡ።

«ሰይድ፣ ወፍህን ይዘው ቤት ለቤት እየፈለጉ ነው። ታች ሰፈር ደርሰዋል!»

እናቴ «ያ ረቢ!» ብላ መሬት ላይ ተዘረፈጠች። ነሐስ ቀጥቃጭ ደሴ ውስጥ ሞልቷል፤ ጣልያኖቹ የሚፈልጉት ወፍ የሚቀርጸውን ነው። አባቴ ቢሸሽ ራሱን ማጋለጡ ነው። ወፏ ደግሞ በእኛ ቤት ብቻ አልነበረችም፤ በሰፈሩ የእሱ ዕቃ የሌለበት ቤት የለም፣ አንዷ ከተገኘች የሠሪው ስም መጠየቁ አይቀርም።

እትዬ ዘነበች የአሸዋውን ጆንያ አዩ። «ዘሀራ፣ በይ ለየቤቱ አድርሺ፤ ወፏን ፈትገው ያጥፏት» አሉኝ። በጨርቅ እየቋጠርሁ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ሮጥሁ። ወዲያው ከየጓሮው ያ ሽርርር የሚል ድምፅ ተነሳ። እኔም ተመልሼ ከእናቴ ጎን መፈተግ ጀመርሁ፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ትሪ ስንጨርስ ወፏ የነበረችበት ቦታ ብቻ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራ ነበር። የባሰ አጋላጭ ሆነ። አባቴ ትሪውን ከእጃችን ወሰደና «ከዳር እስከ ዳር ፈትጉት። ለሁሉም ንገሯቸው» አለ። ራሱም ቁጭ ብሎ ይፈትግ ጀመር። ፊቱን ማየት ፈራሁ።

ወታደሮቹ የደረሱት ገና እጃችንን ሳንታጠብ ነው። አንደኛው ትሪ አንስቶ ገለበጠና በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ማንቆርቆሪያውን አየ፣ ጭልፋውን አየ፣ ከዚያ አብሯቸው ለመጣው ተርጓሚ አንድ ነገር አለው።

«ሰፈሩ ሁሉ ዛሬ ዕቃውን ያበራው ለምንድን ነው? ይላል» አለ ተርጓሚው።

እትዬ ዘነበች ማተባቸውን በአንገታቸው እንዳንጠለጠሉ «ነገ እነሰይድ ቤት መውሊድ አለብን። ዕቃ የምናውሳቸው እኛ ነና!» አሉ።

ተርጓሚው በአነጋገሩ ወሎዬ ነበር፤ ወሩ የመውሊድ እንዳልሆነ አይጠፋውም። የሚደማውን ጣቴን አየ፤ አባቴን አየ። ከዚያ ወደ ጣልያኑ ዞሮ ረዘም አድርጎ ተናገረ፤ ጣልያኑም ትሪውን ወርውሮ ወጣ። ተርጓሚው ወደ ኋላ ቀረት ብሎ «ድግሱ እንዳይቀር» አለን።

አልቀረም። በማግስቱ ያላሰብነውን መውሊድ ደገስን፤ ከሁሉ በላይ ሽር ጉድ ሲሉ የዋሉት እትዬ ዘነበች ነበሩ።

አባቴ ሸምግሎ ነው የሞተው፤ ወፏን ግን ከዚያ በኋላ አልቀረጻትም፣ እኛም አልጠየቅነውም። ካለፈ በኋላ እስከ ቦሩ ሜዳ እየሄድሁ የሠራቸውን ትሪዎች ገልብጫለሁ። ወሬው እዚያም ደርሶ ኖሮ ሁሉም ልሙጥ ነው። ሰፈሬ አባቴን አትርፎልኛል፣ አመሰግናለሁም፤ ግን ያ ልሙጥነት ያንገበግበኛል።

ትናንት ልጁ ወረቀትና እርሳስ ሰጥቶ «እማማ፣ ምን ይቀረጽበት?» ሲለኝ ያችን ወፍ መሳል ጀመርሁ። ሆዷን ሳልሁ፣ ክንፏን ሳልሁ፤ ጭንቅላቷ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ወደ ቀኝ ነበር የምታየው፣ ወደ ግራ? የምጠይቀው አንድ ሰው እንኳ የለም። ልጁ አጎንብሶ ይጠብቀኛል።

እርሳሱን መለስሁለት።

«ከዳር እስከ ዳር ፈትገው» አልሁት።