እንዲህ ያለችበት ደቂቃ

የሰርግ ቪዲዮ አልወድም። ሰው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ጨፍሮ ሲያበቃ ያንኑ እንደገና ቁጭ ብሎ የሚያይበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከሁሉ የምጠላው ማይክራፎኑ በየጠረጴዛው እየዞረ እንግዳው ሁሉ ለሙሽሮቹ መልካም ምኞት እንዲናገር የሚገደድበትን ሰዓት ነው። የባለቤቴ የእህት ልጅ አያት በሚባለው ሰፈር በአንድ አዳራሽ የተዳረች ዕለት ማይክራፎኑ ወደ እኛ ጠረጴዛ ሲቃረብ ተነስቼ ወጣሁ። በረንዳው ላይ ቆሜ የቆሙ መኪኖችን ሳይ ቆየሁ። ስመለስ የጠረጴዛችን ሰዎች አይተውኝ ሳቁ። ባለቤቴን ምን እንዳለች ጠየቅኳት።

«ጥሎ የወጣ ሰው ቪዲዮውን ይጠብቅ» አለችኝ።

ጠበቅኩ። ከሰርጉ በኋላ አምስት ወር ሳይሞላ እሷ ሞተች። ቪዲዮው ያን ጊዜም አልደረሰም ነበር፤ ቪዲዮ አንሺ ቀብድ ሲቀበል እንጂ ሲያስረክብ አይቸኩልም። ቪዲዮው የተጫነበት ፍላሽ እጄ የገባው ሙት ዓመቷን ካወጣን በኋላ ነው።

ቪዲዮው አልታይ ማለቱ ግን የእኛ ጥፋት ነው። ቪዲዮ አንሺው «በየትኛው ጥራት ይሁን?» ብሎ ሲጠይቀን ሽማግሌ ነን ባዮቹ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ በአንድ አፍ «ከሁሉ በላቀው» አልን። ከዘመድ ቤት ያን የላቀ ነገር የሚያሳይ ዕቃ ያለው ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። እሱም የጠየቅነውን ሰጠን፤ ፎርኬ የሚባለውን እጅግ የጠራ ምስል።

ሰሚት ኮንዶሚኒየም ያለው ቤቴ ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር አለኝ። ስጽፍበት ኖሬያለሁ፤ ፊደል ከብዶት አያውቅም። ፍላሹን ሰክቼ ስከፍተው ድምፁ ይሄዳል፣ ምስሉ ይቆማል። ሙሽራዋ አንድ እግሯን መኪና ውስጥ አስገብታ ትቀራለች፣ ዘፈኑ ግን እሷን ጥሎ አዳራሽ ይገባል። እየዘለልኩ ባለቤቴ ማይክራፎን ወደያዘችበት ደረስኩ። ድምጿ ጥርት ያለ ነበር።

«እግዚአብሔር ይባርካችሁ። አንቺ ልጅ፣ ምክሬ አንዲት ናት። ባልሽ እንዲህ ሲያደርግ ዝም ብለሽ እይው።»

ከዚያ ትንሽ ጸጥታ። ከዚያ የጠረጴዛው ሳቅ። በስክሪኑ ላይ ግን ባለቤቴ ዓይኗን በከፊል ጨፍና፣ አፏን ከፍታ ቆማ ቀርታለች። ምስሉ እንደገና የሚንቀሳቀሰው ካሜራው እሷን አልፎ ሌላ ጠረጴዛ ከደረሰ በኋላ ነው።

«እንዲህ» ምንድን ነው? ምን አድርጋ ነው ያሳቀቻቸው?

መጠየቅ ቀላል ነበር፣ መንገዱን ራሴ ባልዘጋው። ፍላሹ በደረሰኝ ዕለት፣ ገና ሳልሰካው፣ ሙሽራዋ ደውላ «ጋሼ፣ አየኸው?» አለችኝ። ሰው ሁሉ «በጣም ያምራል» እያላት እንደሆነም ነገረችኝ። ሌላ ምን ይባላል?

«በጣም ያምራል» አልኳት።

«የአክስቴንስ ቦታ?»

«አየሁት። አለቀስኩ።»

ለሷ የተነገረ ነገር ለቤተሰቡ በሙሉ የተነገረ ነው። በይሉኝታ ላይ ስንት ገጽ የጻፍኩ ሰው፣ አይቼ አለቀስኩበት ያልኩትን ነገር ምን ነበር ብዬ መጠየቅ አቃተኝ።

ስለዚህ ኮምፒውተሩን ለማከም ተነሳሁ። ኢንተርኔት ላይ ምክር የማይሰጥ የለም። ፋይሉን ከፍላሹ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጥ የሚል አገኘሁ፤ ገለበጥኩ። የባለቤቴ ዓይን ተከፈተ፣ እዚያው ቆመ። ሌላ ማጫወቻ ጫን አሉ፤ ጫንኩ። ቀኝ እጇ ከጠረጴዛው ጥቂት ተነሳ፣ አየር ላይ ቀረ። ከዚህ በላይ አልሄደም። እጇ እንደተነሳ ብዙ ቀን ሰነበትን። ምሳዬን ከፊቷ ቁጭ ብዬ የምበላበት ቀን ነበር፤ ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም፣ ጠረጴዛው አንድ ስለሆነ ነው።

በመጨረሻ ሲፒዩውን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ሳጥን፣ በአልጋ ልብስ ጠቅልዬ ሃያ ሁለት ሰፈር ወደሚገኝ ጥገና ቤት ይዤው ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጭኔ ላይ ያለውን ጥቅል አዩ።

«ምንድን ነው ያቀፉት?»

«ኮምፒውተር ነው።»

«ታሞ ነው?»

«አዎ።»

«እግዜር ይማርልዎ» አሉኝ። በዚያ ሳምንት ከሰው የሰማሁት ደግ ቃል ይኸው ነበር።

የጥገና ቤቱ ባለቤት ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። ፋይሉን ከፈተችና ምስሉን ትታ ጎን ያለውን ቁጥር አየች።

«ጋሼ፣ ፕሮሰሰሩ፣ አንጎሉ ማለት ነው፣ መቶ በመቶ እየሠራ ነው። ያሳዝናል። ቪዲዮው የተጨመቀበት መንገድ አዲስ ነው፤ ምስል የሚያወጣው የእርስዎ ግራፊክስ ካርድ አያውቀውም። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ብቻውን በጉልበቱ ሊፈታው ይታገላል። ድምፅ ቀላል ስለሆነ ያልፋል፣ ምስሉ ይቀራል።»

«አዲስ ግዛ ልትዪኝ ነው።»

«አላልኩም። ቪዲዮውን እናሳንሰዋለን እንጂ። ስክሪንዎም እኮ ፎርኬ አይደለም። የማያሳየውን ነው ተሸክሞ የሚያቃስተው።»

ይህን ሳልጽፈው ሌላ ሰው መናገሩ ትንሽ ቆጨኝ።

«የሚፈልጉት ሙሉውን ነው ወይስ አንድ ቦታ? አንድ ቦታ ከሆነ አሁኑኑ ቆርጬ እሰጥዎታለሁ።»

«ሙሉውን» አልኳት። አንድ ሰው ሲፒዩ ታቅፎ ከሰሚት ድረስ ለአንዲት ደቂቃ ብሎ መጣ እንዳይባል። ደግሞም እሷ ከእኔ ቀድማ እንድታየው አልፈለግኩም። ማሳነሻውን ፕሮግራም ጫነችልኝ፤ የምነካካውን በተራ በተራ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ።

«ሲሠራ ሌላ ነገር አይክፈቱበት። መብራት ከሄደ ደግሞ እንደ አዲስ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ጀመርኩት። የሦስት ሰዓት ሰርግ ነው። እስከ ከሰዓት ድረስ መቶኛው ሲቆጥር ወጥ አሞቅኩ፣ ልብስ አጠብኩ፣ ደረጃ ወርጄ ወጣሁ። ሰማንያ አንድ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ጎረቤቶቼ በየበረንዳው ወጥተው «የእናንተም ሄደ?» ተባባሉ። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልወጣሁ።

መብራት ሲመለስ ለሴትየዋ የደበቅኩትን ለኮምፒውተሩ ነገርኩት፤ የምፈልገው አንዲት ደቂቃ ናት። መነሻዋንና መድረሻዋን ጻፍኩለት። ውሃ ጠጥቼ ስመለስ ጨርሶ ጠበቀኝ።

ከፈትኩት።

«ባልሽ እንዲህ ሲያደርግ» አለች፣ አየር ላይ የከረመው እጇም ሄደ። ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ማይክራፎኑን እንደያዘች፣ አገጯን ወደ ላይ ሰቅላ፣ የአዳራሹን ጣሪያ እንደሚገመግም ሰው ከወንበሯ ጎን ሁለት እርምጃ ሄደች። እኔ ነበርኩ። እንደዚያ እንደምሄድ አላውቅም ነበር። ጠረጴዛው ሳቀ፣ እኔም ብቻዬን ሳቅኩ።

ከዚያ ማይክራፎኑን ለሚቀጥለው ሰው ሰጠች። አንድ ወፍራም ሰውዬ ቦታ ፍለጋ ሲዞር መጥቶ ባዶ ወንበሬን ሳብ አደረገ። እሷ ፊቷን እንኳ ሳታዞር የእጅ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና እጇን ቦርሳው ላይ ጫነች። ሰውዬው ሄደ። እሷ ወደ በሩ ታያለች። ካሜራው እስኪያልፋት ድረስ እጇ ከቦርሳው አልተነሳም።

ለሙሽራዋ ደወልኩ።

«የአክስትሽን ቦታ አየሁት።»

«ያኔ አይቼ አለቀስኩ አላልከኝም?»

«ዋሽቼሽ ነው።»

ሳቀች። «ጋሼ፣ እኛም እኮ አላየነውም። መኪና ስገባ ይቆምብናል። ሰው ሁሉ ያምራል ሲለኝ የእኛ ኮምፒውተር ብቻ መስሎኝ ለማን ልናገር?»

ያቺን ደቂቃ በስልክ ላክሁላት። ትንሽ ቆይታ መልሳ ደወለች።

«ጋሼ፣ ቦርሳውን አየኸው?»

«አየሁት» አልኳት። በዚህኛው አልዋሸኋትም።