ተራራ ላይ ያጠንነው ህዳር

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ የሶማሌ ጦርነት ካለቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ዛሬም ህዳር 12 በመጣ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ታሪኩን ለልጆቼ እንኳ አጫውቼ አላውቅም።

የአዲስ አበባ፣ የጎፋ ሰፈር ልጅ ነኝ። ከድር አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ነው። አብረን አድገን፣ አንድ ፋብሪካ ተቀጠርን። የዓመት ፈቃዳችንን ስንወስድ ሰው ሶደሬ ሲወርድ እኛ ባሌ ተራሮች ፓርክ ድንኳን ተክለን እንሰንብት አልን። እናቴ «ምን ጎድሎባችሁ ነው ብርድ ፍለጋ የምትሄዱት?» ብላን ነበር። ከቀበሌ መሸኛ አውጥተን፣ የተዋስናትን ድንኳን ተሸክመን ሄድን።

መጀመሪያ ላይ ጉዞው ደስ ይል ነበር። ኒያላ አየን፣ ቀይ ቀበሮ አየን። አንድ ጠዋት ከድር ከድንኳኑ ብቅ ብሎ፣ «ዛሬ እኮ ህዳር 12 ነው። እናትህ እዚህ ብትኖር አታጥኑም ወይ ብላ ትቆጣን ነበር» አለኝ።

አዲስ አበባ በዚያ ቀን ሁሉም ቆሻሻውን ሰብስቦ በሽታ እንዲርቅ ያጥናል። እኛም ካርቶን፣ ሣርና የከድርን ቀዳዳ ካልሲ ከምረን ለኮስን። ሣሩ ጤዛ ስለነበረው ጭሱ ወፍሮ ወደ ላይ ወጣ። እኔ ጭራሽ እየሳቅኩ እርጥብ ቅጠል እጨምርበታለሁ።

ጭሱ ሳይጠፋ ጠመንጃ የደገኑ ሚሊሺያዎች ከበቡን።

አለቃቸው ረጅም ሰውዬ ነው። አልጮኸም። «ለማን ነው ምልክት የሰጣችሁት?» አለ ብቻ። በዚያ ተራራ ሽፍታ ገና አልጠፋም ነበርና፣ ጭስ ለሽፍቶቹ ጥሪ ነው። መሸኛችንን ኪሱ ከተተው። ከድርን ከቋጥኙ ጀርባ ወሰዱት፣ እኔን እዚያው አስቀሩኝ።

«ጓድ፣ የሚካኤል ቀን ነው። እኛ ሰፈር ህዳር ይታጠናል» አልኩት።

«ጓደኛህ ማን ይባላል?»

«ከድር።»

«ከድር ነው ለሚካኤል የሚያጥነው?»

የተናገርኩት እውነት ነው፤ ሲሰማ ግን ውሸት ይመስላል። ከድር ፈርቶ «ሻይ ልናፈላ ነው ያነደድነው» ካለ ቃላችን ይለያያል፣ ያኔ አለቀልን። አለቃው ወደ ቋጥኙ ሄደ። የሚሉት አይሰማኝም። አጠገቤ የቆመው ሚሊሺያ ጠመንጃውን ሲያቀባብል ዓይኔን ጨፈንኩ። የከድርን እናት በምን ዓይኔ አያለሁ እያልኩ ነበር፣ እኔ ራሴ በሕይወት የምመለስ ይመስል።

ሲመለሱ የከድር ፊት አመድ መስሏል። አለቃው መሸኛችንን ወረወረልን።

«አንተ ሙስሊም ለምን ታጥናለህ አልኩት» አለ። «‹በሽታ የክርስቲያን ቤት፣ የሙስሊም ቤት ብሎ አይለይም። እኛ ካላጠንን የሱ እናት ራሷ ፍም ይዛ ትመጣለች› አለኝ። ሰላይ እንዲህ ያለ ነገር ከየት ያመጣል? እሳቱን አጥፉና ውረዱልኝ።»

በእጃችን አፈር እየዛቅን አጠፋነው። ድንኳኑን ነቅለን በዚያው ቀን ወደ አዲስ አበባ መንገድ ጀመርን።

ከድር ዛሬም ጎረቤቴ ነው። ህዳር 12 አጥሩ ጥግ ያጥናል፤ እኔ ክብሪት አልነካም። ጎፋ በጭስ ሲሸፈን ሰዉ ሁሉ ዓይኑን ያሻል፣ እኔ ማን እየመጣ ነው ብዬ መንገድ መንገዱን አያለሁ። ከድርም እሳቱን እየቆሰቆሰ፣ በየመሃሉ ቀና ብሎ ወደዚያው መንገድ ሲመለከት አገኘዋለሁ።