ውሃ የማይጠጣ ድንጋይ

በዚያ ዓመት ቆሽቴን ያሳረሩት ሁለት ወንዶች ናቸው፤ አባቴና ባሌ። ሁለቱም ጨዋዎች ናቸው። ችግሩም እሱ ነበር።

እኛ ቤተ እስራኤሎች ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ከመጣን አሥር ዓመት አልፎናል፤ ዘመኑ የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ሐደራ ከተማ ውስጥ የራሳችን አዲስ ቤት ደረሰልን። ግድግዳው ተለስኖ፣ መስኮቱ ገብቶ፣ ወለሉ ግን ባዶ ሲሚንቶ ነበር። ባሌ ሥራው ወለል ማንጠፍ ስለሆነ «ይህን ለእኔ ተዉልኝ» ብሎ ነበር። የመረጥነው ያኔ ገና ብቅ ያለውን ትልቁን የፖርስሌን ንጣፍ ነው፤ እዚህ ባላጣ ይሉታል፣ አንዱን ለማንሣት ሁለት ክንድ ሙሉ መዘርጋት ያስፈልጋል። እኔ ፋሲካን እዚያ ወለል ላይ ለማክበር ቋምጫለሁ።

አባቴ በጎንደር የታወቁ ግንበኛ ነበሩ። እዚህ ከመጡ ወዲህ ግን ድንጋይ በእጃቸው ነክተው አያውቁም፤ ነቬ ሐይም ሰፈር ከሚኖሩበት ሕንፃ በታች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሰው ሲያልፍ ያያሉ። የቤቱን ነገር ሲሰሙ ያችን አሮጌ ቱምቢያቸውን በከረጢት ይዘው በአውቶቡስ መጡ።

«ሳሎኑን እኔ ነኝ የማነጥፈው» አሉ።

በማግሥቱ ስገባ ባላጣዎቹ በአዲሱ መታጠቢያ ገንዳዬ ውስጥ ተነክረዋል።

«ውሃ ያልጠጣ ድንጋይ ጭቃ አይዝም» አሉኝ። ከዚያ ባሌ የገዛውን የማጣበቂያ ከረጢት በእግራቸው ገፋ አደረጉት። «ደሞ ድንጋይ በሙጫ? ደብዳቤ ነው እንዴ የምናሽገው? ሲሚንቶ አምጡ!»

ባሌ ከረጢቱን አንሥቶ ጥግ አስቀመጠው። «ቤሴደር፣ እሺ አባባ። እርስዎ ያውቃሉ» አለ።

አራት ቀን ተንበርክከው ሠሩ። ሲባጎ ወጥረው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ውሃ ልኩን እያጋደሙ። ከመጣን ጀምሮ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አላየሁም። ሲጨርሱ የአግዳሚ ጓደኞቻቸውን ሰብስበው አምጥተው አሳዩ፤ እኔም ሻይ እያቀረብሁ ኮራሁ።

ከሳምንት በኋላ ወለሉን ስወለውል ነው ነገሩ የመጣው። እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከእሳት የወጣውን እንስራ ሁሉ በጣቷ አጥንት ኳ ታደርገውና ድምፁን ሰምታ ወይ ለገበያ ታስቀምጠዋለች ወይ ትሰብረዋለች። እጄ ከእሷ የወረሰው ልማድ ነው፤ ሳላስበው አንዱን ባላጣ ኳ አደረግሁት። ባዶ ድምፅ ሰጠ። ቀጥሎ ያለውንም። ጨርቁን ጥዬ በጉልበቴ ሳሎኑን ሙሉ አንኳኳሁ። በግድግዳው ጥግ ካሉት ከጥቂቶቹ በቀር አንድም የያዘ የለም።

ማታ ባሌን ያዝሁት።

«አውቃለሁ» አለኝ፣ ቀና ሳይል። «ፖርስሌን ውሃ አይጠጣም። እንደማይይዝ ሲነክሩት ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም?»

«እኔ? ለአማቴ? ግንብ ሲገነቡ እኔ ገና አልተወለድኩም! ደሞም ዝም አይነቅዝም።»

«ሳሎኔ ነቅዟል!» ብዬ ጮኽሁበት። «በል ሂድና ንገራቸው!»

«ልጃቸው አንቺ ነሽ። አንቺ ንገሪያቸው።»

እዚህ ላይ ስለ ራሴም እውነቱን ልናገር። እኔም አልነገርኋቸውም። አባቴ በየሁለት ቀኑ እየመጡ፣ ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ፣ በካልሲ ወለላቸው ላይ ሲንሸራሸሩ ሳይ ምላሴ ይታሰራል። ሻይ አቀርባለሁ፣ ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ ድስት አላትማለሁ። በባሌ እናደዳለሁ፣ በእሳቸው እናደዳለሁ፣ ከሁሉም በላይ በዚህ ይሉኝታ በሚባል በሽታ እናደዳለሁ፤ ባሕር ተሻግሮ እንኳ አለቀቀንም።

ፋሲካ አንድ ሳምንት ሲቀረው ማቀዝቀዣው መጣ። ባሌ ከበር እየገፋ ሲያስገባ፣ አባቴ ቆመው እያዩ፣ ከሥሩ ጠሽ የሚል ድምፅ ተሰማ። አንዱ ባላጣ ለሁለት ተሰነጠቀ። ጎንበስ ብለው ስባሪውን አነሡት። ጀርባው አንድ ቅንጣት ሲሚንቶ አልያዘም፤ እንደ ታጠበ ሳህን ንጹሕ ነው።

በያዙት ከዘራ ቀጥሎ ያለውን መቱ። ከዚያ የሚቀጥለውን። እንዲህ እየመቱ እስከ መስኮቱ ደረሱ።

«ታውቅ ነበር?» አሉት ባሌን።

«አላውቅም ነበር፣ አባባ።»

«ትዋሻለህ። ወለል ሥራህ ነው።» ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ብትነግረኝ ተማሪህ እሆን ነበር። ዝም ስትለኝ ጡረተኛ አደረግኸኝ።»

ጫማቸውን አድርገው ወጡ።

ባላጣዎቹን ሁሉ ነቅለን ፋሲካን ባዶ ሲሚንቶ ላይ አከበርን። እናቴ አገር ቤት፣ እንደ ልማዳችን፣ ለፋሲካ አሮጌውን ሸክላ ሁሉ ሰብራ አዲስ ትሠራ ነበር፤ እኔ አዲሱን ሰብሬ ባዶ እጄን ቀረሁ። አባቴ አልመጡም። እሳቸው ዘንድ ልሄድም አፈርሁ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አባቴ ናቸው፣ ከረጢታቸውን እንደያዙ። ሰላምታውን አሳጥረው ሳሎኑ መሐል ተንበረከኩና አዲስ ባላጣ ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«እሺ» አሉት ባሌን። «ንገረኝ።»

ባሌ ሙጫ የሚቀባበትን ጥርሳም ማበጠሪያ ይዞ ቆመ። አባቴ ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እርስዎ ያውቃሉ፣ አባባ።»

አባቴ እጃቸውን ወደ ውሃው ባልዲ ሰደዱ።

«አይንኩት!» ብዬ ጮኽሁ። በአባቴ ላይ ስጮኽ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። «ውሃ አይጠጣም፣ አባባ! ደረቁን ይያዙት! ሙጫውን ጀርባውን ሙሉ ይቀቡት!»

አባቴ እርጥብ እጃቸውን በሱሪያቸው አደረቁና ባሌን ቀና ብለው አዩት።

«ይኸውልህ» አሉት። «እንዲህ ነው የሚባለው። በል አሁን ያንን ሙጫ አቀብለኝ።»