ለሌላ ሰው የመጡት ሽማግሌ

ሚኒሶታ፣ ፍሪድሊ በምትባል ከተማ በምሠራበት ፋብሪካ ለልብ ሕክምና የሚሆን ቀጭን ቱቦ እንገጣጥማለን። ክፍሉ አቧራ የማይገባበት ስለሆነ ፀጉራችንን፣ አፋችንን፣ እጃችንን ሸፍነን ነው የምንውለው፤ ከሰው የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነው። እንዲህ ተጀቡኖ የሚውል ሰው ስለ ፍቅር የሚያወራበት ጊዜ ያለው አይመስልም። እኛ ግን ሌላ ወሬ አልነበረንም።

ጥፋቱ የኮሪያ ድራማው ነው። ከጎኔ የምትቀመጠው የጅማ ልጅ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ በምሳ ሰዓት ስልኳን ከውኃ ኮዳዋ ጋር አስደግፋ ትከፍተዋለች፤ አራት አምስት ሴቶች አንገታችንን አስግገን እናያለን። ታሪኩ ቀላል ነው። ቢሮ ውስጥ የምትሠራ ልጅ አለች፤ ሁለት ባልደረቦቿ ይፈልጓታል፤ አንደኛው ሳቂታ፣ አንደኛው ዝምተኛ። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ከሥር ይሮጣል፤ ማንበብ የማይደርስላት ትጠይቃለች፤ የምታነበውም ከራሷ ጨምራ ታወራላታለች። ስለዚህ በአንድ ስልክ አምስት ዓይነት ድራማ ነው ያየነው ማለት ይቻላል።

ብዙም ሳይቆይ ድራማውን ወደ እኛው ላይን፣ ወደ መገጣጠሚያ መስመራችን፣ አመጡት። ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ አላገባሁም፤ ጓደኞቼም እኔን መዳር ከቱቦው በላይ የተጨመረባቸው ሥራ አድርገው ይዘውት ነበር። ሳቂታው ወዲያው ተገኘ። የላይናችን ሊድ፣ የመስመሩ አለቃ ማለት፣ ነው፤ የመርካቶ ልጅ፣ በዕድሜ በሁለት ዓመት የሚያንሰኝ፣ ከሁሉም ጋር የሚቀልድ። እሱም ድራማውን እያየ ሳይማር አልቀረም፤ አንድ ቀን በረዶ ሲጥል ከበሩ እስከ ፓርኪንጉ ጃንጥላ ይዞልኝ ሄደ። ሚኒሶታ ውስጥ ለበረዶ ጃንጥላ የሚዘረጋ ሰው አይቼ አላውቅም። ነፋሱ ገለበጠበት፤ እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሳቄን እንደ እሺታ ቆጠረው። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ዛሬም በኮሪደር ስንተላለፍ በአንገቱ ብቻ ነው ሰላም የሚለኝ፤ አልፈርድበትም።

ዝምተኛውን ግን ማንም አልፈለገውም። የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ማሸጊያ ክፍል የሚሠሩ የወሎ ሰው ናቸው። አርባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ሚስታቸው ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሠራተኛ ከሠራተኛ ሲጣላ ወደ ቢሮ ሳይደርስ እሳቸው ዘንድ ያልቃል። እኔም ያው አንቱ እያልኩ ነው የማወራቸው፤ አንቱታው እስከ ዛሬ ከአፌ አልጠፋም። በጥቅምት መኪናዬ ትራንስሚሽኑ ተበላሽቶ ስትቆም፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው ሰፈር ከወንድሜ ጋር እንደምኖር ሰምተው፣ መንገዴ በዚያው ነው ብለው ያመላልሱኝ ጀመር። መኪና ውስጥ ብዙ አያወሩም። ሌላ ሰው ሥራ እንዴት ዋለ ይላል፤ እሳቸው ግን የሚጠይቁኝ እጄን ነበር። ቀኑን ሙሉ በማጉያ መነጽር ሥር ቱቦ ስይዝ አንጓዬ ያብጣል፤ አንድ ጊዜ ስነግራቸው ሰሙ፤ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ሳይጠይቁ አልቀሩም።

በየካቲት ይሁን በመጋቢት የጅማዋ ጓደኛዬ በወሬ መሃል፣ ጋሼ እኮ ጎረቤቴ ናቸው፣ ብሩክሊን ፓርክ፣ አለችኝ። ብሩክሊን ፓርክ ከፋብሪካው ወንዙን ተሻግሮ ወዲያ ነው፤ የእኔ ቤት በሌላ አቅጣጫ ነው። ሰውዬው አምስት ወር ሙሉ ጠዋት ማታ ጀርባቸውን ለቤታቸው ሰጥተው ሲነዱ ከርመዋል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ቱቦ አበላሸሁ። ደስታ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። የሚናገሩበትን ቀን መጠበቅ ጀመርኩ።

ሳይናገሩ አንድ ረቡዕ ጓደኛዬ በሹክሹክታ መጣች። ሊዱ እሁድ ወደ ወንድሜ ሽማግሌ ሊልክ ነው። አንደኛው የሰፈራችን መስጊድ ሽማግሌ፣ ሁለተኛው ከእኛ ፎቅ ሥር ሱቅ ያላቸው ሰውዬ፤ ልጁ እዚህ ዘመድ ስለሌለው ሦስተኛውን ከሥራ ቦታ ትልቅ ሰው ብሎ መርጧል። ጋሼን።

የምሳ ዕቃዬን ከደንኩ። ለሽምግልና የተለመነ ሰው እምቢ አይልም፤ እምቢ ካለ ለማኙን አዋርዶታል። የባሰው ደግሞ ይህ ነው፤ ለሰው ብሎ ደጅ የቆመ ሽማግሌ ተመልሶ ያችኑ ሴት ለራሱ ሊጠይቅ አይችልም። አደራ በላ ይባላል፤ ሰው የሚያምነውም ሰው የሚያከብረውም አይሆንም። እሁድ የወንድሜን በር አልፈው ከገቡ፣ እኔና እሳቸው አለቀልን ማለት ነው።

ዓርብ ማታ ስንመለስ እስኪናገሩ ጠበቅሁ። የመንገዱ በረዶ ቀለጠ ሲሉት መልሶ ቀዝቅዞ መስታወት ሆኗል፤ እጃቸው ከመሪው አይነሳም። እኔ ነኝ የጀመርኩት። እሁድ እንደሚመጡ ሰማሁ አልኳቸው። ልጁ ጨዋ ነው አሉ።

“እርስዎ ፈልገው ነው የሚመጡት?” አልኩ።

“ሰው ትልቅ ብሎ ሲለምንሽ ምን ትያለሽ?” አሉኝ፤ ድምፃቸው ግን የሚጠይቅ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ተናደድኩ። በር ከፍቼ ስወርድ እጄን አልጠየቁኝም። ሌሊቱን በእሳቸውም በራሴም በልጁም ጃንጥላ ስናደድ አደርኩ።

እሁድ ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ መጡ። እኔ መኝታ ክፍል ነኝ፤ የእኛ ፎቅ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ጎረቤት ሲያስነጥስ ይማርህ የምንባባልበት ነው። ወንድሜ ተቀመጡ ሲላቸው እሰማለሁ፤ ነገራችን ሳይሰማ አንቀመጥም ሲሉም እሰማለሁ። የመስጊዱ ሽማግሌ ልጁን አሞገሱ፤ ሱቅ ያላቸው ሰውዬ ቀጠሉ። የሦስተኛውን ድምፅ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። እንደ ወጉ ወንድሜ፣ እንምከርበት፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ ማለት ነበረበት። ተስፋዬ ያ ሁለት ሳምንት ነበር። ወንድሜ ግን ልጁን ወዶታል፤ ታክሲ ሲነዳ ውሎ ማታ ማታ የእኔ ነገር ሲያሳስበው የኖረ ሰው ነው። “አዋቂ ናት፣ እሷው ትጠየቅ” አለና ጠራኝ።

ሦስቱም ቆመዋል። ጋሼ ምንጣፉን ያያሉ። ልጁ ታች መኪናው ውስጥ እንደሚጠብቅ የመስጊዱ ሽማግሌ ነገሩኝና፣ አባት ልጁን እንደሚያባብል ቀስ ብለው፣ “ልጄ፣ አንቺን ለማሳፈር አልመጣንም። የሴት ልጅ ዝምታዋ እሺታዋ ነው። ዝም ካልሽ ዱዓ እናደርጋለን” አሉ።

ይህ ሕግ ዓይን አፋር ሴት እንዳትጨነቅ የወጣ ነው። ለእኔ ግን ወጥመድ ነበር። ለማግባት ምንም አያስፈልገኝም፤ ብቻ ዝም ማለት። ሱቅ ያላቸው ሰውዬ መዳፋቸውን ሲዘረጉ አየሁ። ወንድሜም ዘረጋ። ጋሼም እጃቸውን ከፍ አደረጉ፤ አደረጉ ማለት ይከብደኛል፤ እጃቸው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

“አይሆንም” አልኩ።

ወንድሜ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። ሽማግሌው ግን ብዙ ያዩ ሰው ናቸው፤ አልተቆጡም። ለልጁ ምን ብለን እንመለስ አሉ፤ ከዚያም ወደ ጋሼ ዞረው፣ “አንተ በሥራ ታውቃታለህ። ለሌላ የሰጠችው ቃል እንዳለ ጠይቃት” አሉ።

ጋሼ ቀና አሉ። አምስት ወር ፊታቸውን ከጎን እንጂ ከፊት አይቼ አላውቅም ነበር ማለት ነው።

“ለሌላ የሰጠሽው ቃል አለ?” አሉኝ።

“ቃል የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቀኝ የምሰጠው ግን አለ።”

ይህን ስል እሳቸውን ነበር የማየው፤ ዓይኔን ከእሳቸው ላነሳ ብፈልግም አልታዘዝ አለኝ። እሳቸው ዝም ብለው ቢወጡ ወንድሜ ፊት፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ፊት፣ ራሴን ለማይፈልገኝ ሰው ያቀረብኩ ሴት ሆኜ መቅረቴ ነው። ወሬውም ከኤሊቬተሩ ቀድሞ ታች ይደርሳል።

ጋሼ ወደ ሽማግሌው ዞሩ። “አባቴ፣ እኔን ከዚህ ሽምግልና ያውጡኝ” አሉ።

“ምን ሆነህ?”

“በነገሩ የራሱ ጉዳይ ያለበት ሰው ሽማግሌ አይሆንም። ሳልመጣ ለልጁ መንገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ። አሁን ወርጄ እነግረዋለሁ።”

በሩ ሥር ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አጠለቁ፤ ማሰሪያው አልታሰር ብሏቸው እንደተፈታ ወጡ።

እኔ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ከአሥራ ሰባተኛ ፎቅ ሰው ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ለየኋቸው። የልጁን መኪና ከፍተው ገቡ። በሩ ተዘጋ፤ መኪናው አልተንቀሳቀሰም። ከኋላዬ ወንድሜ በጥያቄ ያጣድፈኛል፤ ሱቅ ያላቸው ሰውዬ እንቀመጥ ወይስ እንሂድ ይላሉ፤ ሽማግሌው ተዋት ይላሉ። ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። በመጨረሻ ጋሼ ወረዱ። መኪናው በኃይል ተነስቶ ሄደ። እሳቸው ፓርኪንጉ ላይ፣ ያለ ኮፍያ፣ የራሳቸው መኪና በር ላይ ቆሙ። ወደ ላይ አላዩም። ሊሄዱ ነው። ደግመው እንደማይመጡም አወቅሁ፤ የሰው ሽማግሌ ሆነው የገቡበትን በር ለራሳቸው የሚያንኳኩ ሰው አይደሉም።

ኮቴን ከመስቀያው አወረድኩ። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ የት ልትሄጂ ነው አለኝ።

“እሳቸው ከእንግዲህ መጠየቅ አይችሉም” አልኩት። “እኔ ግን የማንም ሽማግሌ ሆኜ አላውቅም።”

ትንሽ አየኝና ከበሩ ዞር አለልኝ።