አማቴ ላፕቶፕ ሲገዙ

አማቴን፣ የባለቤቴን እናት፣ ላፕቶፕ ላስገዛ መካነ ሰላም ገበያ ይዣቸው የወጣሁ ዕለት ብርዱ በዋዛ የሚነገር አልነበረም። ሰው «አሰላሙ አለይኩም» ሲል ቃሉ አየር ላይ ረግቶ ይቀራል፤ ተቀባዩ ፀሐይ እስኪያሟሟለት ጠብቆ ነው የሚመልስ። ብጨምርም የጨመርኩት ትንሽ ነው።

ጉዳዩ የልጅ ልጅ ነው። ዐረብ አገር ያለችው የባለቤቴ እህት ወንድ ልጅ ወልዳ ፎቶውን በስልክ ላከች። የአማቴ ዓይን ደክሟል፤ የስልካችን መስተዋት ደግሞ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። አስጠግተው አዩት፣ አርቀው አዩትና «ይሄ ልጅ ነው ባቄላ?» አሉ። ከዚያ ወዲህ እህልም ውሃም ቢቀርብላቸው ጥያቄያቸው አንድ ሆነ፤ «ማንን ይመስላል?» ልጃቸውም «ኢሜይልና ኢንተርኔት ብቻ የሚከፍት፣ ስክሪኑ ሰፋ ያለ ርካሽ ላፕቶፕ ግዙ፤ ፎቶውን ሳይደበዝዝ እልካለሁ» አለች።

መራጩ እኔ ሆንኩ፤ ከቤተሰቡ ስለ ኮምፒውተር ብዙ የማወራው እኔ ነኛ። ማውራትና ማወቅ ለየቅል መሆናቸውን የተረዱት አማቴ ብቻ ናቸው። እኔ ከተናገርኩት ግማሹን ይቀንሳሉ፤ የቀረውንም ሌላ ሰው ጠይቀው ነው የሚያምኑ። ስለዚህ አብረውኝ መጡ።

ባለሱቁ ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች ከፈተልን። አንዱ ቀጠን ያለ፣ ድምፁ የማይሰማ። ሌላው ወፍራም፣ እንደ ወፍጮ ቤት የሚያጓራ።

«ብራዘር፣ ለኢሜይል ሁለቱም ቁጥር አንድ ናቸው» አለኝ።

በሁለቱም ላይ የራሱን የሰርግ ፎቶ አሳየን። አማቴ ቀጭኑ ላይ ያለችውን ሙሽራ ጠጋ ብለው አዩና ጀርባቸውን ሰጡት። ከዚያ ጆሯቸውን ወፍራሙ ላይ ለጠፉ።

«ይሄ ትንፋሽ አለው» አሉ። ሆዱንም ዳበሱት። «ይሞቃልም፤ ለብርዱ ይሆነኛል። ያኛው ሙት ነው፤ ገላው ቀዝቃዛ።»

ደነገጥኩ። ያ አጓሪ ቻርጀሩ የተነቀለ እንደሆን ወዲያው ነፍሱ ትወጣለች፤ ፎቶ ከሚከፍት ተራራ ቢወጣ ይቀለዋል። ግን አማች በአማቱ ፊት እንኳን ሊከራከር፣ ጮክ ብሎም አያስነጥስ። ዘዴ መጣልኝ፦ ያወደስኩትን ሁሉ ስለሚጠረጥሩ፣ አጓሪውን ላወድሰው።

«እውነትዎን ነው እማማ! ይሄ ሲነሳ አቀስታ ድረስ ይሰማል። ላዩ ላይ ሽሮ ይበስላል። ሌባ ቢወስደው እንኳ በድምፁ ተከትለን ከመቅደላ አናት እናወርደዋለን።»

አማቴ ወደ ባለሱቁ ዞሩ። «ሰማህ? አማቼም መሰከረ።»

በሕይወቴ አንድ ቀን ቢያምኑኝ፣ የዛሬውን ይመርጣሉ?

ደግሞ እንደ ዘበት «ያንን ሙቱንስ ስንት ትለዋለህ? ለልጆች መጫወቻ ቢሆን» አሉ። ባለሱቁ ሬሳ የሚያነሳለት ያገኘ ይመስል ዋጋውን ጣለ። አማቴ ከንፈራቸውን መጠው እስከ በሩ ሄዱ። ጠራቸው፤ እንደገና ጣለ።

«በል እሱን ጠቅልልልኝ» አሉ።

መንገድ ላይ ወጥተን ብቻችንን ስንሆን ዞር አሉብኝ። «አንተ በሬ ገዝተህ አታውቅም? የወደዱትን በሬ ዓይኑን አያዩትም፤ የሚያወድሱት ጎረቤቱን ነው። በቀጭኑ የሙሽራዋ ጉንጭ ላይ ያለችው ነቁጥ ሳትቀር ታየችኝ። በዚያ በአጓሪው ግን ፊቷ ጭጋግ ነው።»

«እኔ እኮ እንዲተዉት ብዬ ነው ያወደስኩት!»

«አውቃለሁ። ውሸትህ ሲጠቅም ገና ዛሬ አየሁ።»

እቤት ገብተን ኢሜይሉን ከፈትን። ኔትወርኩ የመካነ ሰላም ኔትወርክ ነው፤ ፎቶው ከላይ ወደ ታች በቀጭን በቀጭኑ ይወርድ ጀመር።

«ፀጉሩ ገባ!» አልኩ።

«ዓይኑስ?»

«አቀስታ ላይ መኪና ይጠብቃል።»

በነጠላቸው ጫፍ መቱኝ። ግንባሩ ገባ፤ ቅንድቡ፤ ዓይኑ። አፍንጫው ሲደርስ አማቴ ትንፋሻቸውን ዋጡ። አገጩም ሲገባ እጃቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

«ያረቢ… አያቱን!» አሉ። ሟች ባለቤታቸውን ማለታቸው ነው።

ልጁን አየሁት። የአማቴ ባል፣ ጥርስ የሌላቸው፣ በነጭ ፎጣ ተጠቅልለው፣ ገበያ ላይ እንደተታለሉ ተኮሳትረው ያዩኛል። አፌ ላይ የመጣውን ቀልድ መልሼ ዋጥኩት።

«ምነው ዝም አልክ?» አሉ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

«ቁርጥ እሳቸውን ነው፣ እማማ።»

ከዚህች ግማሹን አልቀነሱብኝም።