የተፊዳና የነስማ ሻማ

«የወንዝ ዳር ነፋሻ፣ የንጋት እንግዳ፣
ጉንጬን ዳበስሽና…»

ከዚህ በኋላ ያለው ጠፍቷል። አዋላጇ ጋዋሂር ዘፈኑን በልጅነቷ የሰማችው ሩዝ ጭኖ ከሚያልፍ ጀልባ ነበር፤ ጀልባው ሲርቅ የስንኙን ጭራ ይዞባት ሄደ። ይኸው አርባ ዓመት ምጥ ስታባብል፣ እትብት ስትቋጥር፣ ሳጥኗን አንጠልጥላ የወንዝ ዳሯን ከተማ የረሺድን ጠባብ መንገድ ስትወጣ ስትወርድ፣ እዚያችው ቦታ ላይ እየደረሰች ጎዶሎውን በእህምታ ትሞላዋለች። የጠፋው ቃል የመለየት ቃል እንደሆነ ልቧ ነግሯታል። ነፋስ መቼም ዳብሶ ከመሄድ ሌላ ምን ያውቃል።

ዛሬ ግን እንጉርጉሮዋ ራሱ እግር አውጥቶ ይዘላል። የሟች እህቷ ልጅ፣ በእጇ ያሳደገቻት ኢብቲሃል፣ ሴት ልጅ ከወለደች ሰባተኛ ቀኗ ነው። በረሺድ ልጅ ስም የምታገኘው በሰባተኛው ቀን ነው፤ መራጩም ሻማ ነው። ስም ያሰበ ሁሉ በስሙ ሻማ ያቆማል፣ ሁሉም እኩል ይለኮሳሉ፣ መጨረሻ የሚጠፋው ሻማ ስሙን ለሕፃኗ ይሰጣል።

ሻማዎቹን የምትተክለውም የምትፈርደውም ጋዋሂር ናት። ስንት እንዳዋለደች ቆጥራ አታውቅም። የሰፈሩ ሰው እሷ ያላዋለደችውን ሰው ሲያገኝ፣ «አንተ ደግሞ በየት በኩል መጣህ?» ብሎ ይጠይቃል። ከነዚያ ሁሉ ግን ለአንዱም ስም አላወጣችም፤ ዳኛ አይወዳደርማ። ባል ነበራት፤ ልጅ ሳይሰጣት ባሕር ወሰደው። ለምትወልዳት ልጅ ያስቀመጠችው ስም ብቻ አብሯት ቀረ፤ ነስማ። በነሱ አገር ከወንዙ ላይ ቀስ ብሎ የሚመጣው ነፋስ ስም ነው። ይህን ስም ከኢብቲሃል በቀር የሰማ የለም። ኢብቲሃልም ትናንት እጇን ያዘችና፣ «አክስቴ፣ ነገ አንቺም ሻማ አቁሚ። ነስማን አቁሚልኝ» አለቻት።

ጋዋሂር እምቢ ማለት ነበረባት። አላለችም።

ይባስ ብላ ሻማዋን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ አሳደረችው። የቀዘቀዘ ሻማ ቀስ ብሎ እንደሚነድ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ስንቷን ሴት በዚሁ ጥፋት አሳፍራ ሻማዋን ከትሪው አስነስታለች።

ጀልባ ጠጋኙ በዩሚ፣ የሕፃኗ አባት፣ ሲሃም የሚል ስም አቁሟል። ከልቡም አይደለም፤ አባት ዝም አለ እንዳይባል ነው። ያስፈሩት እናቱ ናቸው። ሐጃ ተፊዳ በዘጠኝ ሴት የልጅ ልጆች ሰባተኛ ቀን ዘጠኝ ጊዜ አንድ ስም ብቻ አቁመዋል፤ ተፊዳ። ዘጠኝ ጊዜ ተሸንፈዋል። የዘንድሮ እናቶች ስሙን ሲሰሙ የአሮጌ ቁም ሳጥን ሽታ እንደ መጣባቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሐጃ ደግሞ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ሌላ ልጅ እስኪወለድ መኖሬን በምን አውቃለሁ ይላሉ።

ከቀትር በኋላ መስኮቱ ሁሉ ተዘጋ። በዚያ አገር የሚያቃጥለው የነሐሴ ሙቀትና ሠላሳ ሴት ተደማምረው ክፍሉን ምጣድ አደረጉት። መሐል ላይ አንገተ ረጅሙ የሸክላ ገንቦ ሮዝ ወረቀትና ጨሌ ለብሶ፣ ውኃ ባቆረ የመዳብ ትሪ ላይ እንደ ሙሽራ ቆሟል፤ ሻማዎቹ የሚተከሉት በዙሪያው ነው።

«የኔ እዚህ ጋ ይሁን» አሉ ሐጃ ተፊዳ፣ በገንቦው እጀታ ሥር ያለውን፣ ሽው የሚል አየር የማይደርስበትን ጥግ እያሳዩ።

«እዚያ ተይዟል፣ ሐጃ።»

«በማን?»

«በኔ። ነስማን ነው የማቆመው።»

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ዳኛዋ ራሷ ገባችበት እያሉ ሴቶቹ ተነካኩ፤ ከኋላ አንዷ በነስማ አንድ ዶሮ አስይዛለሁ አለች። ሐጃ ተፊዳ የጋዋሂርን ሻማ ከላይ እስከ ታች አዩት። ጠብ ጠብ ይላል።

«ምነው ሻማሽን አላበው? ፈራ እንዴ?»

ጋዋሂርም ጎንበስ ብላ የሐጃን ሻማ አየች። ክሩ ሥር ነጭ ነጭ የጨው ፍሬ ተጣብቋል። ጨው የበላ ሻማም መንደድ ላይ ሰነፍ ነው።

«የርስዎስ ምነው ሽበት አበቀለ?»

ሁለቱም ከዚያ በኋላ አልተነፈሱም። እጅ ከፍንጅ እንደ ተያያዙ ሁለት ሌቦች የሚከባበር ሰው የለም። ማናቸውም ጥጉን ስላልለቀቁ ሻማዎቹ ትከሻ ለትከሻ ተተከሉ። በመካከላቸው አንድ ስንዝር መተው እንዳለበት ጋዋሂር በእንቅልፏም ታውቃለች፤ ዛሬ ግን ልቧ ከእጇ ቀድሟል።

ሦስቱም እኩል ተለኮሱ። ሲሃም ቶሎ ጠፋች፤ በዩሚ ሊያያት ቀረብ ሲል አስነጠሰው። በዚያ ሳቅ መሐል ሕፃኗን ወንፊት ላይ አስተኝተው መሬት አኖሯት። ኢብቲሃል እንደ ወጉ ሰባት ጊዜ ተራመደቻት። ሐጃ ተፊዳ በጆሮዋ አጠገብ የነሐስ ሙቀጫውን እያንቃጨሉ፣ እናትሽን ስሚ፣ አባትሽን አትስሚ፣ አያትሽን ግን ከሁሉም በላይ ስሚ እያሉ መከሯት። ጋዋሂር ቡዳ እንዳይበላት በየጥጉ ጨው በተነች፤ አንድ ዓይኗ ግን ትሪው ላይ ነበር። ሕፃኗን ስታቅፍ ብቻ ዓይኗን ከትሪው ነቀለች።

ተመልሳ ስታይ ሁለቱ ሻማዎች የሉም። በሙቀቱ ልመው፣ አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ተደፍቶ፣ ቀልጠው አንድ ወፍራም ሻማ ሆነዋል። ሁለት ክር፣ አንድ ነበልባል።

«ፍረጂ» አሉ ሐጃ ተፊዳ።

ሠላሳው ሴት ዞሮ ጋዋሂርን አየ። ለተፊዳ ብትፈርድ ነስማ ዳግመኛ ላትወለድ ነው። ለነስማ ብትፈርድ በረሺድ ማን ሻማ ያስተክላታል? ሕፃኗን ጠበቅ አደረገች።

«አልፈርድም» አለች። «ሻማዬ ውኃ ውስጥ ነው ያደረው።»

ሐጃ ተፊዳ ዘነዘናውን አስቀመጡ።

«የኔም ጨው በልቷል።»

ከዚህ በኋላ የተነሳውን ሳቅ ወንዙ ላይ በጀልባ ያሉት ሳይሰሙት አልቀረም። እንደ አዲስ ይለኮስ የሚሉ ነበሩ። ኢብቲሃል ግን ትራሷን ተደግፋ ከራስጌዋ ቢላዋ አንስታ ለአማቷ አቀበለች።

«መጀመሪያ ለዩአቸው። መለየት ከቻላችሁ እንደ አዲስ ይለኮሳል።»

ሐጃ ቢላዋውን ይዘው ዞሩ፤ ከየት እንደሚጀምሩ ጠፋቸው። ነበልባሉ ግን ማንንም አልጠበቀም፤ ወርዶ ወርዶ ውኃው ላይ ጭስስ አለ፤ ሁለቱም ክር እኩል ጨሱ። በዩሚ እስክሪብቶውን አውጥቶ ለጤና ቢሮ በሚወስደው ወረቀት ላይ ጻፈ፤ ተፊዳ ነስማ። ጮክ ብሎ አነበበው። እንዲህ ያለ ጥንድ ስም ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም።

«ቁም ሳጥን ተከፍቶ ነፋስ የገባበት መሰለኝ» አለች ዶሮ ያስያዘችው ሴት።

ሐጃ ስሙን አፋቸው ውስጥ እንደ ከረሜላ አገላበጡት። «ተፊዳ ትቀድማለች» አሉ በመጨረሻ።

«ትቅደም። ጀልባም የሚሄደው ነፋስ ከኋላው ሲመጣ ነው» አለች ጋዋሂር፤ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ቀጥላም ሳቀች።

ሩዙና ሥጋው በትልቅ ትሪ ገባ። ይህ ሰዓት የጋዋሂር መሄጃ ነው፤ ድርሻዋን በጨርቅ ጠቅልለው ይሰጧታል፣ ሌላ ምጥ ይጠብቃታል። እግሯ በልማድ በሩ ጋ ደርሷል፤ ሕፃኗን ለእናቷ መልሳ ሳጥኗንም አንስታለች። ሐጃ ተፊዳ የቀሚሷን ጫፍ ያዙ።

«ወዴት ነው? ስም አውጪ ቆማ ትበላለች? ቁጭ በይ።»

«ሐጃ፣ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት…»

«እስከ ማታ አትወልድም፤ ራስሽ ጠዋት ነግረሽናል። ቁጭ በይ አልኩሽ።»

ጋዋሂር ሳጥኗን አስቀመጠችና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ ከአርባ ዓመት በኋላ በድግስ ቤት ሲታጠፍ ቀጭ አለ። ሳታስበው ያው እንጉርጉሮ መጣባት፤ የወንዝ ዳር ነፋሻ፣ የንጋት እንግዳ፣ ጉንጬን ዳበስሽና… እህም፣ እህም። ሐጃ ተፊዳ ሥጋ እየመረጡ፣ ቀና ሳይሉ ቀጠሉላት፤

«…ገባሽ ከኛ ጓዳ።»

እንዲያ አይልም፤ ጋዋሂር እርግጠኛ ናት። ልትናገርም አፏን ከፈተች፤ ሐጃ አጎረሷት።