አንድም ቀን ያልቀረችው ልጅ

ዋንዳ ፔትሮስኪ በሼንሊ ጋፕ የተማሪዎች አውቶቡስ ሹፌር ናት። በፔንሲልቬንያ ተራሮች መሃል ለተወሸቀችው ለዚህች ከተማ፣ የከሰል ማዕድኑ ከተዘጋ ወዲህ የቀሯት ኩራቶች ሁለት ናቸው፤ ትምህርት ቤቷና የትምህርት ቤቷ የሙዚቃ ጓድ። ጓዱም ቢሆን እውነቱን ለመናገር ከወላጆች በቀር ማንንም አያስደስትም።

የከተማው ሰው ልጁን በየማለዳው ለዋንዳ አስረክቦ ያለ ሐሳብ ወደ ሥራው ይሄዳል። የማትጭነው የራሷን ልጅ ብቻ ነው። ቢጫውን አውቶቡስ እየነዳች በገዛ ደጇ ሳትቆም ታልፋለች። ደጇ ላይ፣ ሣሩ መሃል፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲያየው የተተከለ ሰሌዳ አለ። «እዚህ ቤት አንድም ቀን ያልቀረች ተማሪ ትኖራለች!» ይላል።

ሰሌዳውን የላከው ልጇ ቴሳ የምትማርበት የኦንላይን ትምህርት ቤት ነው። ሕንፃ የለውም፣ ደወል የለውም፤ የመንግሥት ገንዘብ ግን እንደማንኛውም ትምህርት ቤት ያገኛል። ተማሪው ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፍቶ «አለሁ» የሚለውን ከተጫነ ተገኝቷል ማለት ነው። የቴሳን «አለሁ» የምትጫነው ዋንዳ ናት። ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት በእግሯ ጣቶች ጫፍ እየረገጠች ቴሳ ክፍል ትገባለች፣ ትጫናለች፣ ልጅቷን ብርድ ልብስ አልብሳ ትወጣለች። መጀመሪያ «ዛሬ ብቻ» ብላ ነበር። ከሥራ ስትመለስም ቴሳን ተኝታ ታገኛታለች፤ አንዳንዴም ነቅታ ጣሪያ ጣሪያ ስታይ። አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ ባለፈው ሰሞን የምግብ አሠራር ላይ የግማሹን ግማሽ ማስላት አቅቷት እናቷን ጠየቀች። ዋንዳ እየሳቀች ነገረቻትና መታጠቢያ ቤት ገብታ አለቀሰች።

ተቆጥታ «ተነሺ!» እንዳትላት ደግሞ አፍ የላትም። አፏን የዘጋው ነገር የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ቴሳ ገና በእናቷ አውቶቡስ ስትመላለስ ነው። ኬንድራ የምትባል ልጅ የታኘከ ማስቲካ ቴሳ ፀጉር ላይ ለጠፈችና በመዳፏ አሸችው። አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። ዋንዳ ሁሉንም በስፖኪዮ አየች። የኬንድራ አባት የአውቶቡስ ጋራዡ አለቃ ነው፤ ዋንዳን የቀጠራትም እሱ፣ የሚያባርራትም እሱ። እናም ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች። ማታ የልጇን ፀጉር በመቀስ እየቆረጠች «ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» ብላ ጠየቀቻት፣ እንዳላየ ሰው። ቴሳ «አላየሁም» አለች። ብዙም ሳይቆይ «ቤቴ ሆኜ ልማር» ስትል ዋንዳ እሺ ከማለት ሌላ ቃል አልነበራትም።

በከተማው የዚህ ትምህርት ቤት ነገር ከተነሳ ጎረቤት ከጎረቤት ይኳረፋል። አንዱ ሌባ ነው ይላል፣ ሌላው ልጄን ያተረፈልኝ እሱ ነው ይላል። በጋራዡ ውስጥ ክርክሩን የያዘችው የሥራ ባልደረባዋ ዴሎሪስ ናት።

«እንደምን አደርሽ፣ የበላሽበትን ወጪት ሰባሪ!» አለቻት አንድ ጠዋት፣ ጎማውን በእግሯ እየመታች።

«ጀመረሽ ደግሞ።»

«ዋሸሁ? ደሞዝ ስትበዪ ከእኛ፣ ልጅ ስትልኪ ለእነሱ! አንድ ልጅ በወጣ ቁጥር የትምህርት ቤታችን ገንዘብ ተከትሎት ይወጣል። የሙዚቃ አስተማሪውን ሸኘነው። ቀጥሎ የሚታጠፈው የእኔ መስመር ነው። ያኔ ሥራ ስለማይኖረኝ መጥቼ ሰሌዳሽን እጠብቅልሻለሁ።»

«ልጄ በደንብ እየተማረች ነው። ሰሌዳው የሚለውን አላነበብሽም?»

«አንብቤዋለሁ። እኔ ግን ሰው ደጅ ላይ የተተከለ ጽሑፍ የማምነው ‹ውሻ አለ› ሲል ብቻ ነው።»

ዋንዳ አብራ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ አውቶቡሷን ልታስነሳ ሄደች።

በዚያው ሰሞን የክልሉ ምክር ቤት የእነዚህን ትምህርት ቤቶች ገንዘብ ልቀንስ፣ ቁጥጥሩንም ላጥብቅ ብሎ ተነሳ። ትምህርት ቤቱም ወላጆችን እየሰበሰበ ምክር ቤቱ ወዳለበት ዋና ከተማ ወደ ሃሪስበርግ ሄደው እንዲመሰክሩ ይጠይቅ ጀመር። ከሁሉ አስቀድሞ የደወለው አንድም ቀን ላልቀረችው ልጅ እናት ነው። እንቢ ብትል ለምን ሊሏት ነው። ደግሞም፣ ይህም ያሳፍራታል፣ እስከ ዛሬ «ነይና ተናገሪ» ብሎ የጠራት አልነበረም። እሺ አለች።

በሄዱበት ቀን ገና ሳይነጋ ነበር የወጡት። ዋንዳ ልጇን ቀስቅሳ፣ ሳንድዊች ጠቅልላ፣ ኮምፒውተሩን ከፍታ «አለሁ»ን ተጫነች። አስባበት አይደለም፤ እጇ ለምዶት ነው። ከዚያ ትምህርት ቤቱ በተከራየው አውቶቡስ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ቲሸርት ለብሰው ጉዞ ሆነ። ተሳፋሪ ሆና ስትቀመጥ እግሯ በየመታጠፊያው ፍሬን ይፈልግ ነበር።

በምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ከእሷ በፊት የተናገረው ሮይ ሃብል የሚባል አናጢ ነው። ልጁ ኤመት የደም ካንሰር ይዞት በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ነው የተማረው። «መድኃኒቱ ሲያስመልሰው እንኳ ‹አባዬ፣ ካሜራውን አጥፋልኝና ድምፁን ተወው› ይለኛል» አለ ሮይ። «ይሄን በር ከዘጋችሁበት ልጄ የት ይሂድ?» እዚህ ላይ ድምፁ ተሰበረ። ተቃዋሚዎቹ ሳይቀሩ አቀረቀሩ።

ዋንዳ ተነስታ፣ ትምህርት ቤቱ አንድም ቀን ስላልቀረችው ልጇ የጻፈላትን አነበበች። ስትጨርስ ወይዘሮ ክራንዳል የተባሉ የምክር ቤት አባል መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ፈገግ አሉ።

«እንግዲህ ልጅዎን ዛሬ በእኛ ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ አስቀረናት ማለት ነው?»

«ኧረ የለም፤ ዛሬም አልቀረችም» አለች ዋንዳ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«ዛሬም? እዚህ ተቀምጣ?» ሴትየዋ ፈገግታቸውን ሰብስበው ወደ ቴሳ ዞሩ። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ የኔ ልጅ። እንዴት አድርገሽ ነው?»

ቴሳ እናቷን አየች። ዋንዳ «እኔ ነኝ የተጫንኩት» ብትል አንድ ቃል ነው፣ ያልቃል። ግን ከመድረኩ ጀርባ ያለውን ባዶ ግድግዳ፣ ልክ እንደሚነዳ መንገድ፣ ትኩር ብላ ታይ ጀመር።

«አውቶቡስ ውስጥ በስልኬ ገባሁ» አለች ቴሳ። «እናቴ ትንሽ ተኚ ብላኝ ነበር። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። ከመቀመጫው መጀመሪያ የተነሳው ሮይ ነበር። ሲወጡም የዋንዳን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ። የእኔን ልጅ ‹ተኝቶ እየዋለ ተማረ ይሉታል› የሚሉ ሞልተዋል። እንዳንቺ ያለች እናት ስትናገር እኛንም ያምኑናል።»

ዋንዳ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ይህ ሰው የሚኖርባት አንዲት እውነት አለችው፤ እሷ ደግሞ ውሸቷን አምጥታ በእሱ እውነት ላይ አስደግፋለች።

በመመለሻው መንገድ ከልጇ ጎን ተቀመጠች።

«ለምን ዋሸሽ?» አለች በሹክሹክታ። የጠየቀችበት ድፍረት ለራሷም ገረማት።

ቴሳ ፊቷን ከመስኮቱ አላነሳችም። «ምን ልበል ታዲያ? አንቺ እንደሆን መንገዱን እያየሽ ነበር።»

«የምን መንገድ?»

«የማስቲካው ቀንም እንደዚሁ ነው ያደረግሽው። በስፖኪዮው ዓይን ለዓይን ተያይተናል እኮ፣ እማዬ። ማታ ደግሞ ‹ማነው› ብለሽ ጠየቅሽኝ።»

ዋንዳ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልታየች መስሏት ኖራለች። ልጅቷ «አላየሁም» ያለችው እናቷ እንዳታፍር ብላ ነበር፤ ዛሬም የዋሸችው ለዚያው ነው። ሰሌዳውም፣ ጭብጨባውም፣ የሮይ እጅም አንድ ላይ መጥተው ደረቷ ላይ ተቀመጡ።

በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሩን ሳትነካው ወጣች። ልጆቹን ጭና በገዛ ደጇ ስትደርስ ፍሬን ያዘች። ቀዩን መብራት አበራች፣ የ«ቁም» ምልክቱን ዘረጋች፤ ከፊትም ከኋላም የሚመጣው መኪና ሁሉ ቀጥ አለ። በሩን ከፈተች።

«እዚህ እኮ የሚሳፈር የለም!» ስትል ኬንድራ ከኋላ ጮኸች።

ዋንዳ በስፖኪዮ አላየቻትም። ቀበቶዋን ፈትታ ዞረች። «አለ። አንቺ ማስቲካ የለጠፍሽባት ልጄ አለች። አይቼሽ ነበር። አይቼ ዝም ያልኩት አባትሽን ፈርቼ ነው፤ ዛሬ ግን ሄጄ እነግረዋለሁ።» አንድም ልጅ አልሳቀም። ለሮይ ምን ብላ እንደምትነግረው ግን ገና አላወቀችም።

ከኋላ መኪኖች ጡሩምባ ማሰማት ጀመሩ። የቤቱ በር ተከፈተና ቴሳ በፒጃማዋ፣ በካልሲ ወጣች። ወደ አውቶቡሱ አልመጣችም። ሰሌዳውን ከሣሩ ላይ ነቀለችው፣ በጉልበቷ አጠፈችውና የቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨመረችው። ከዚያ በሩ ላይ ቆማ ዞረች።

«ዛሬ ተጭነሽልኛል?»

«አልተጫንኩም» አለች ዋንዳ።

«ስለዚህ ቀርቻለሁ።»

«ቀርተሻል፣ የኔ ልጅ።»

ቴሳ በእሺታ ራሷን ነቅንቃ ወደ ቤት ገባች። ዋንዳ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ዓይኗን አልመለሰችም፤ መኪኖቹ ይጮሁባት ነበር።